ተከሳሹ ቆጣሪ

በየቤቱ ቀንም ሌሊትም ሥራ ላይ የሚውል፣ በዓል የማያከብር፣ ደመወዝ የማይጠይቅ አንድ ዕቃ አለ፤ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ። ቦታው ከአጥሩ በር አጠገብ፣ ከበረንዳው ግድግዳ ላይ ወይም ከኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ሥር ነው። ሸረሪት ያደራበታል፤ የልብስ ማስጫ ገመድ ይታሰርበታል፤ አንዳንዴም የቤቱ ቁልፍ ከጀርባው ይደበቃል። ወሩን ሙሉ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ሒሳብ የመጣ ዕለት ግን ቤተሰቡ ተጠራርቶ ከፊቱ ይቆማል፤ ፍርዱም ምስክር ሳይሰማ ይሰጣል፦ «ይሄ ቆጣሪ አብዷል!»

አብዷል የተባለው ቆጣሪ መልስ መስጠት ስለማይችል ምርመራው ወደ ሰዎች ይዞራል። አባወራው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «ያለፈው ወር እኮ የዚህ ግማሽ ነበር» ይላል። እናት «ያልጨመረ ነገር ምን አለ?» ብላ ልታበርደው ትሞክራለች። ያን ጊዜ አባት አንድ ነገር ትዝ ይለዋል፦ «የበረንዳውን መብራት ማነው የሚያሳድረው?» ዓይኑ የሚያርፈው ከልጆቹ ሁሉ አምሽቶ በሚተኛው ላይ ነው። ልጁም «እኔ አይደለሁም» ይላል፤ እንዲህ ማለቱ ራሱ ጥፋተኛ ያደርገዋል።

ልጁ ላይ ከመፍረድ በፊት ትንሽ ሒሳብ መሥራት ደግ ነው። ቆጣሪ የሚቆጥረው በኪሎዋት ሰዓት ነው፤ 1000 ዋት የሚወስድ ዕቃ አንድ ሰዓት ሙሉ ከሠራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ተቆጠረ ማለት ነው። ዛሬ ብዙ ቤት የሚገባው ኤልኢዲ አምፖል 9 ዋት ገደማ ይወስዳል። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሳይጠፋ ቢያድር የሚበላው 0.09 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የእንጀራ ምጣድ ግን ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይጎትታል። 3.5 ኪሎዋት የሆነ ምጣድ ሁለት ሰዓት ሳይቋረጥ ሲጋገርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል። ልጁን የተቆጡበት አምፖል ይህን ያህል ለመብላት 78 ሌሊት ማደር ይኖርበታል።

ምጣዱን ግን ደፍሮ የሚናገረው የለም። አባወራው ክሱን የሚያሰማው እንጀራ ቀርቦለት፣ እጁን ታጥቦ፣ ሁለተኛውን ጉርሻ ከዋጠ በኋላ ነው። ካውያውም ቢሆን ዘመድ አለው፤ ሸሚዙ የሚተኮሰው ለራሱ ለአባወራው ነው። የውሃ ማሞቂያው የቤቱን እንግዳ ያስከብራል። ፍሪጁ ሲያንኮራፋ የሚያድር ቢሆንም ማንም አያነሳውም። አምፖል ብቻ ነው ወገን የሌለው፤ ሲበላ ስለሚታይ።

ከልጁ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ቆጣሪ አንባቢው ነው። የእሱም እንጀራ ቀላል አይደለም። በሩን ይደበድባል፤ «ቆጣሪ!» ብሎ ይጣራል፤ ከውስጥ የሚመልስለት ውሻ ነው። ሠራተኛዋ ገበያ ወጥታለች፤ ባለቤቶቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ ቆጣሪው ከግቢው ወዲያ ጥግ ነው። ከአጥር ውጭ ቆሞ በዛፍ መሐል አሻግሮ የተነበበ 3 በቀላሉ 8 ይሆናል። ጭራሹን ያልተነበበ ቆጣሪ ደግሞ በግምት ይሞላል። ግምቱ ካነሰ ቤተሰቡ ለሁለትና ለሦስት ወር «ጎበዝ፣ ቆጠብን» እየተባባለ ይሰነብታል፤ ከዚያ አንባቢው በሩ ክፍት ሆኖ ያገኘው ዕለት የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወርዳል።

እዚህ ላይ ታሪፉ ነገሩን ያወሳስበዋል። የኢትዮጵያ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተሠራ ነው፤ ጥቂት የሚጠቀም በርካሽ፣ ብዙ የሚጠቀም በውድ ይከፍላል። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ታሪፉ ሲሻሻል፣ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት የሚከፍለው ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ገደማ እንደነበረ ቆይቶ፣ ጭማሪው ያረፈው ከዚያ በላይ ባሉት ላይ ነበር። ስለዚህ የሦስት ወር ፍጆታ የአንድ ወር ተብሎ ከተሠራ፣ አምፖል እያጠፋ የሚኖረው ቤተሰብ ለአንድ ወር ያህል ከባለጸጎች እርከን ላይ ይወጣል። ቪላ የለ፣ መዋኛ ገንዳ የለ፤ ያለው ሒሳቡ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። በብዙ አሮጌ ቆጣሪዎች ላይ የመጨረሻው አሃዝ በቀይ የተከበበ ነው። ይህ ቀዩ አሃዝ ከነጥብ በኋላ ያለ ነው፤ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት አንድ አሥረኛ ማለት ነው። ቆጣሪው 4521 ከ7 እያለ 45217 ብሎ የጻፈ ሰው በአንድ እስክሪብቶ ጭረት ቤቱን ፋብሪካ ያደርገዋል። እንዲህ ያለው ስህተት ጥሩነቱ ከመጠን በላይ ትልቅ መሆኑ ነው፤ ማንም አይቶ ስህተት መሆኑን ያምናል። የሚያስቸግረው ትንሹ ስህተት ነው፤ ሰው ለመክሰስ ያፍርበታል፣ ለመክፈልም ያመዋል።

የቆጣሪ ነገር እውነተኛ ችሎት የሚሆነው ግን አንድ ቆጣሪ ለአንድ ግቢ ሲሆን ነው። ከፊት ባለው ቤት አከራይዋ እትዬ አሉ። ከኋላ በተደረደሩት ሰርቪስ ክፍሎች አንድ ወንደላጤ፣ አዲስ ተጋቢዎች፣ ሁለት ተማሪ እህትማማቾችና አራስ ያለችበት ቤተሰብ ይኖራሉ። ውሉ ሲፈረም ሕጉ በቃል ይነገራል፦ ምጣድ ክልክል ነው፤ ካውያ በሳምንት አንዴ ነው፤ ምድጃ «ለሻይ ያህል» ይፈቀዳል። ለሻይ ያህል የተፈቀደው ምድጃ ላይ ሽሮ መሥራት ወንጀል መሆን አለመሆኑ አልተጻፈም፤ ሽታው ግን በየማታው እትዬ ደጅ ይደርሳል።

ወሩ ሲያልቅ ሒሳቡ ይከፋፈላል። በክፍል ይከፈል ሲባል አንድ ክፍል ውስጥ ለአምስት የሚኖሩት ይስማማሉ፤ ወንደላጤው ይጮኻል። በሰው ቁጥር ይሁን ሲባል ወንደላጤው ደስ ይለዋል፤ የአራሷ ባል «ጨቅላው ሰው ሆኖ ነው የሚቆጠረው?» ብሎ ይነሳል።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ለመተኛት ብቻ ነው የምመጣው» ይላል ወንደላጤው።

«ተኝተህ ነው ኳስ የምታየው?»

«ኳሱ በሳምንት አንዴ ነው።»

«ሲያገቡብህ የምትጮኸው ግን በየቀኑ ነው።»

ወንደላጤው ይከፍላል። በዚህ ግቢ ማንም ያላስተዋለው ግን ከበላይ ያለው እርከኑ ነው። እያንዳንዳቸው ለብቻ ቢሆኑ ከዝቅተኛው እርከን የማይወጡ ቤተሰቦች፣ በአንድ ቆጣሪ ሲደመሩ አንድ አባካኝ ቤት ይመስላሉ። ቆጣሪው የሚያውቀው ሰው ስንት እንደሆነ ሳይሆን በሽቦው ምን ያህል እንዳለፈ ነው።

ጭቅጭቁ ሲበዛ ከመርካቶ ትንንሽ ቆጣሪዎች ተገዝተው በየክፍሉ በር ላይ ይገጠማሉ። ሁሉም የየራሱን ያያል፤ ሰላም ወረደ ይባላል። በወሩ መጨረሻ የትንንሾቹ ድምር ከትልቁ ያንሳል። የት ገባ? የተወሰነው ከዋናው ቆጣሪ እስከ ኋላ ክፍሎች በሚሄደው ረጅምና ቀጭን ሽቦ ላይ ሙቀት ሆኖ ቀርቷል። የተወሰነውን የአጥሩ በር መብራት በልቶታል፤ እሱ የማንም አይደለም። ደህና የሚባል የቤት ቆጣሪም ቢሆን እንደ ደረጃው አንድ ወይም ሁለት በመቶ ወዲያና ወዲህ እንዲል በመመዘኛው ይፈቀድለታል፤ ደረጃው የማይታወቀውን ደግሞ የሸጠው ብቻ ነው የሚያውቀው። ትልቁና ትንንሾቹ በአንድ ቀን አለመነበባቸውም አለ። ተከራዮቹ ግን እነዚህን ሁሉ ትተው ወደ እትዬ ፍሪጅ ይመለከታሉ።

ከፋይና ቆጣሪ መተማመን ያቃታቸው ከጥንት ነው። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1882 በኒውዮርክ ፐርል ጎዳና ላይ ጣቢያውን ከፍቶ መብራት መሸጥ ሲጀምር የሚሽከረከር ቆጣሪ አልነበረውም። የሱ ቆጣሪ ፈሳሽ የያዘ የመስተዋት ዕቃ ነበር፤ በፈሳሹ ውስጥ የዚንክ ሳህኖች ተነክረዋል። ኤሌክትሪኩ ሲያልፍ ከአንዱ ሳህን ዚንክ ይለቅና ሌላው ላይ ይለጠፋል። የኩባንያው ሰው በየጊዜው እየመጣ ሳህኖቹን ይወስድና እንደ ወርቅ ሠሪ በሚዛን መዝኖ የወሩን ሒሳብ ያወጣል። ደንበኛው የሚያነበው ቁጥር የለም፤ «ሳህንህ ከብዷልና ክፈል» ሲባል መክፈል ነው። በክረምት ፈሳሹ እንዳይበርድና እንዳይረጋ ደግሞ ከሳጥኑ ውስጥ ብርዱ ሲጠና በራሱ የሚበራ አምፖል ተገጥሞ ነበር። ያንን የበረንዳ አምፖል ያሳደረ ልጅ ይህን ቢሰማ ጥሩ ጠበቃ ያገኝ ነበር።

በሚዛን መመዘን የቀረው በአንዲት በወደቀች ትንሽ ሽቦ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1888 ለዌስቲንግሃውስ ይሠራ የነበረው ኦሊቨር ሻለንበርገር አዲስ መብራት ሲመረምር ከውስጡ አንዲት የሽቦ ጥምዝ ወደቀች። ሌላ ሰው አንስቶ ቦታዋ ይመልሳት ነበር፤ እሱ ግን በመግነጢሱ ምክንያት በራሷ ስትዞር አየ። ከዚያች መዞር ተነስቶ የተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ቆጣሪ ሠራ። በዓመቱ በቡዳፔስት በጋንዝ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ሃንጋሪያዊው ኦቶ ብላቲ በዚሁ መንገድ የሚሠራ ቆጣሪ አስመዘገበ። በአሮጌ ቤቶች ግድግዳ ላይ በመስተዋቱ ውስጥ ስትዞር የምትታየው ቀጭን የአሉሚኒየም ሳህን የዚያ ዘር ናት። ሁለት የሽቦ ጥምዞች፣ አንዱ በቮልቴጁ ሌላው በሚያልፈው ኤሌክትሪክ፣ ሳህኗን ይገፏታል፤ ቋሚ መግነጢስ ደግሞ ፍሬን ይይዝባታል። ምጣድ ሲለኮስ ትሮጣለች፤ አምፖል ብቻ ሲቀር ታዘግማለች።

በአገራችን የአዲስ አበባን መብራት ከወንዝ ያመጣው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር፣ የአቃቂ ወንዝ የሚሰጠው ኃይል 6.6 ሜጋዋት ነበር። በዛሬ ምጣድ ሲመነዘር፣ ባለ 3.5 ኪሎዋት ምጣዶችን በአንድ ጊዜ ከ1,885 በላይ ማጋል አይችልም። የአንድ ትልቅ የኮንዶሚኒየም ሳይት የፋሲካ ዋዜማ ብቻውን ይጨርሰዋል። መብራት የሚያድለው ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ተቋቁሞ ከዚያ ወዲህ ስሙ ቢቀያየርም፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ኃይል አመንጪውና አገልግሎት ሰጪው ሁለት ተቋም ቢሆኑም፣ ሒሳብ የበዛበት ሰው የሚሄደው ዛሬም «መብራት ኃይል» ነው።

እንግዲህ ቆጣሪ ጨርሶ አይሳሳትም ማለት ነው? ይሳሳታል። ባለ ሳህኑ ቆጣሪ አንድ የታወቀ አመል አለው፤ በቤቱ ውስጥ ሁሉም ነገር ጠፍቶ ሳህኗ ቀስ እያለች ትሄዳለች። መሐንዲሶች ይህን ስላወቁ በሳህኗ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች በስተዋል፤ ጭነት ሳይኖር ስታዘግም ቀዳዳዋ ከመግነጢሱ ሥር ስትደርስ ቀጥ ትላለች። ስለዚህ ሁሉን አጥፍቶ ሳህኗ አንዴ ሳትሞላ ከቆመች ጤና ነው፤ ከዞረች ወይ ቆጣሪው ታሟል፣ ወይ ከቆጣሪው ወዲህ ኤሌክትሪክ የሚያፈስ ሽቦ አለ፣ ወይ ጎረቤት ከሽቦው ላይ በሰላም እየኖረ ነው።

የዕድሜ ነገርም አለ። ሳህኗ የቆመችበት ዘንግ ሲበላ፣ አቧራ ሲገባ፣ ጥርሶቹ ሲዝጉ፣ አሮጌ ቆጣሪ ብዙውን ጊዜ ይዘገያል እንጂ አይፈጥንም። ይህ ማለት በየግድግዳው ላይ ለባለቤቱ ሲያዳላ የኖረ ቆጣሪ ብዙ ነው ማለት ነው። ሆኖም «ቆጣሪዬ አሳንሶ ስለሚቆጥር መጥታችሁ እዩልኝ» የሚል ማመልከቻ ያስገባ ሰው ካለ ምስሉ ሊሰቀል ይገባል።

በኮንዶሚኒየም ደግሞ ቆጣሪው ደህና ሆኖ ባለቤቱ የተሳሳተ ይሆናል። ቆጣሪዎቹ ሁሉ ከደረጃው ሥር በአንድ ሳጥን ውስጥ ተደርድረዋል፤ የቤት ቁጥሩ በእስክሪብቶ ተጽፎ ደብዝዟል ወይም ቀለም ተቀብቶበታል። ሽቦው ሲገጠም የሦስተኛ ፎቁ ወደ ሁለተኛው፣ የሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ከተሻገረ፣ አንዱ ቤት ዘግቶ ክፍለ ሀገር ከርሞ ሲመለስ ትልቅ ሒሳብ ይጠብቀዋል፤ በላዩ ያለው ባለ ምጣድ ጎረቤት ደግሞ ስለ ቁጠባ ምክር ይሰጠዋል። ይህን ለማወቅ ባለሙያ እንኳ አያስፈልግም። የራስን ብሬከር አጥፍቶ ወርዶ የትኛው ቆጣሪ እንደቆመ ማየት ነው። ምሽት ላይ የሚሞክር ሰው ግን አንድ ነገር ያስብ፦ ከታች ሆኖ «የኔ ነው» ያለውን ብሬከር ሲያወርድ ከላይ የኳስ ጨዋታ መሐል ጩኸት ከተሰማ፣ ምርመራው ተጠናቋል፤ ቀሪው የሽማግሌ ሥራ ነው።

ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪ ሲመጣ ይህ ሁሉ ያበቃል ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የኔዘርላንድ ትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዘጠኝ ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪዎችን በቤተ ሙከራ ፈተኑ። አምስቱ ካለፈው ኤሌክትሪክ እጅግ የበለጠ ቆጠሩ፤ ከፍተኛው ስህተት 582 በመቶ ነበር። ሁለቱ ደግሞ ወደ 30 በመቶ አሳነሱ። ያሳበዳቸው ምን ሆኖ ተገኘ? ብርሃን መቀነሻ ማብሪያ ላይ የተገጠሙ ኤልኢዲና ሌሎች ኃይል ቆጣቢ አምፖሎች! እነዚህ ኤሌክትሪኩን እየቆራረጡ ስለሚወስዱት፣ በአንዳንድ ቆጣሪዎች ውስጥ ያለው መለኪያ የተቆራረጠውን ሞገድ ማንበብ ተሳነው። የኔዘርላንዱ አባወራ ለቁጠባ ብሎ አምፖል ቀይሮ ሒሳብ ሲበዛበት «ቆጣሪው አብዷል» ቢል እውነቱን ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ግን ደግሞ ተቃራኒውም ደርሷል። በካሊፎርኒያ ቤከርስፊልድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2009 አዳዲስ ዘመናዊ ቆጣሪዎች ሲገቡ ነዋሪው ሒሳብ ናረብን ብሎ ተነሳ። ነገሩ እስከ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደርሶ ገለልተኛ መርማሪ ተሾመ። በ2010 የወጣው ውጤት ቆጣሪዎቹ በትክክል ይቆጥራሉ የሚል ሆነ፤ ያ በጋ ግን እጅግ የሞቀ ነበር፣ ታሪፉም ጨምሮ ነበር። የቤከርስፊልድ ምጣድ አየር ማቀዝቀዣው ነው፤ እሱንም ደፍሮ የከሰሰው አልነበረም።

በቀን መቁጠሪያ የታመመም ቆጣሪ አለ። ከደቡብ አፍሪካ ተነስቶ በብዙ አገር የተሠራጨው፣ ባለ 20 አሃዝ ቁጥር እየተነካካ የሚሞላው የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ጊዜን የሚቆጥረው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1993 መባቻ ጀምሮ በደቂቃ ነው። የተሰጠው ቦታ የሚይዘው 16,777,216 ደቂቃ ብቻ ሲሆን፣ ይህም ኖቬምበር 24 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. አለቀ። ከዚያ በፊት ሁለት ልዩ ቁጥሮች ያልገባለት ቆጣሪ አዲስ የተገዛ ኤሌክትሪክ አልቀበልም ይላል። ሚሊዮኖች ደጃቸው ላይ ቆመው ቁጥር ሲነካኩ ሰነበቱ።

የእኛው ካርድ ቆጣሪ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ሒሳብ ከመጣ በኋላ ከመጣላት ቀድሞ ከፍሎ መገላገል ይሻላል ተብሎ የገባ ነው፤ እውነትም ከአንባቢና ከውሻ ጠብ ገላግሏል። ጠቡ ግን ወደ ቤት ገባ። ቁጥሩ ወደ ላይ ሲወጣ ማንም የማያየው ሰው፣ ወደ ታች ሲወርድ በየሰዓቱ ያያል። ምጣድ በተጣደ ቁጥር ባል ወጣ ብሎ ያየዋል። ካርዱ የሚያልቀው ቅዳሜ ማታ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ ምጣዱ ከጋለ በኋላ ነው። «ትናንት ሙላ ብዬህ አልነበር?» ይባላል። ተሰልፎ ተሞልቶ የመጣ ካርድ ሲሰካ ደግሞ ቆጣሪው አላነብ ይላል፤ በሸሚዝ ጫፍ ይጠረጋል፣ ትንፋሽ ይባልበታል፣ ተገልብጦ ይሰካል። አንዳንዴ እውነትም ይሠራል፤ በየትኛው እንደሠራ ግን የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሦስቱም ይደገማሉ።

ክስ ከመመሥረቱ በፊት ማስረጃ መያዝ ይበጃል፤ ማስረጃውም በቤት ይገኛል። በኤሌክትሮኒክ ቆጣሪ ፊት ላይ የምትጠቅስ ቀይ መብራት አለች፤ ከአጠገቧ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትጠቅስ ተጽፏል፤ 1600 ይሁን እንበል። በቤቱ ያለው ሁሉ ይጠፋና ባለ 1000 ዋት ምድጃ ብቻ ለ6 ደቂቃ ይበራል። በዚህ ጊዜ የሚሄደው 0.1 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ መብራቷ ወደ 160 ጊዜ መጥቀስ አለባት። ካውያ ለዚህ አይሆንም፤ ሲግል በራሱ ይጠፋል። አንድ ተጨማሪ ነገር ደግሞ አለ፦ ምሽት ላይ ኃይል ሲደክም ከ220 ቮልት ወደ 200 ከወረደ፣ ያ ባለ 1000 ዋት ምድጃ የሚወስደው ወደ 830 ዋት ነው። ያን ጊዜ መብራቷ ብትዘገይ ጥፋቱ የቆጣሪው አይደለም፤ ወጡም ሳይበስል የቆየው በዚያው ምክንያት ነው። ይህን ሁሉ ሲሞክሩ ክዳኑን መክፈትና እሽጉን መንካት አይገባም፤ አደጋው አንድ ነገር ሲሆን፣ እሽጉ የተቆረጠ ቆጣሪ ባለቤት ደግሞ ከከሳሽነት ወደ ተከሳሽነት ይዛወራል።

ከዚህ በኋላ ያለው ቢሮ ነው። በየሰፈሩ እንዲህ ያለ አንድ አባወራ አይጠፋም፤ ያለፉትን ወራት ደረሰኞች በላስቲክ ይዞ፣ የቆጣሪውን ፎቶ በስልኩ አንስቶ፣ ወረፋ ጠብቆ መስኮቱ ጋ ይደርሳል።

«ቆጣሪዬ ያበዛል።»

«ምን ያህል ያበዛል፣ ጋሼ?»

«ብዙ።»

ልጅቱ ፎርም ትሰጠዋለች። ይሞላል፤ ይፈርማል። ሰነባብቶ ባለሙያ ይመጣና የተመሰከረለትን መለኪያ ከቆጣሪው ጋር አገናኝቶ እኩል ያስቆጥራቸዋል። አባወራው ከጎኑ ቆሟል፤ ጎረቤቶችም መጥተዋል፤ አምፖሉን ያሳደረው ልጅ ከሁሉ ፊት ነው። ባለሙያው ወረቀቱ ላይ ይጽፍና «ትክክል ነዎት፣ ቆጣሪው ችግር አለበት፤ ይቀየራል» ይላል። አባወራው ዞሮ ሚስቱን ያያታል። ባለሙያው መሣሪያውን እየሰበሰበ «አርጅቷል፤ በጣም ይዘገያል» ብሎ ይጨምራል። ይህን አባወራው በደስታው መሐል አልሰማውም።

አዲሱ ቆጣሪ ተገጥሞ የመጀመሪያው ሒሳብ ሲመጣ አባወራው ያንኑ ላስቲክ ይዞ ወደዚያው መስኮት ይመለሳል።

«አሁንስ ምን ሆነ፣ ጋሼ? ተቀየረልዎ አይደል?»

«ተቀይሯል። ያ አሮጌው የት ገባ?»

«መጋዘን ገብቷል። ምን ሊያደርግልዎ?»

«አይ… ለማስታወሻ።»